ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

አንድ ዕቃ በተሰበረ ጊዜ በባለቤቱ ፊት ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። አንደኛው ማስጠገን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተሰበረውን ትቶ በአዲስ መለወጥ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ምርጫ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አድርገን እንመለከተዋለን። «ማስጠገኛው ስንት ነው? አዲሱስ ስንት ይገዛል?» ብለን እንጠይቅና ለኪሳችን ወደሚቀለው እናዘነብላለን። እኔም ለብዙ ዘመን አስብ የነበረው እንደዚሁ ነበር። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ ሜዳ የደረሰብኝ ነገር ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ መኖሩን አስገነዘበኝ። ጥያቄውን ያስተማረኝም ታብሌት የሚባለውን መሣሪያ በእጁ ይዞ የማያውቅ ገበሬ ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው። በዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ተንጣሎ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ይዘልቃል። ሐምሌና ነሐሴ በሆነ ጊዜ የጉማራና የርብ ወንዞች ከአፋቸው እየገነፈሉ ሜዳውን ያለብሱታል። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ አያሰርገውም፤ ስለዚህ ውሃው ለሳምንታት ተኝቶ ይከርማል። እንዲህ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላው እህል ባይመችም ለሩዝ ግን ይስማማዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘመን የተጀመረው የሩዝ እርሻ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ የሜዳውን መልክ ለውጦታል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በወረታ ነው። ታላቅ ወንድሜ በዚህ ሜዳ ላይ ሩዝ ከሚያመርቱት ገበሬዎች አንዱ ነው።

እኔ በመምህርነት ካገለገልሁ በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ማዘጋጀት ሥራ ተዛወርሁ። ለዚሁ ሥራ በ2013 ዓ.ም. በ9,000 ብር የገዛሁት አንድ ታብሌት ነበረኝ። በውስጡ ከነበሩት ነገሮች ሁሉ ከፍ ያለ ግምት የምሰጠው ለድምፅ ቅጂዎቼ ነበር። በፎገራ ቀበሌዎች እየተዘዋወርሁ የእርሻ መሣሪያዎችን ስም፣ የከብቱን መልክ፣ የአረሙንና የጎርፉን ዓይነት የሚገልጹ ቃላትን ከሽማግሌዎች አንደበት ቀድቼ ነበር። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አርፈዋል። ቅጂዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጬ ማስቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ «ነገ አደርገዋለሁ» እያልሁ ሳላደርገው ቀረሁ።

ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ታብሌቱን ለወንድሜ ልጅ አዋስኋት። ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አሥረኛ ክፍል ተዛውራ ነበር። የአሥረኛ ክፍል መጻሕፍትን በፒዲኤፍ ጫንሁላትና «ክረምቱን አንብቢበት፤ እየጻፍሽም ተለማመጂበት» አልኋት። በመንደራቸው የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ በየሳምንቱ ወደ ወረታ እየሄደች ከዘመድ ቤት ቻርጅ ታደርገው ነበር።

በነሐሴ ወር አጋማሽ አንድ ቀን ባትሪውን ሞልታ ወደ መንደሯ ስትመለስ መንገዱን ውሃ ሸፍኖት አገኘችው። ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ከጀርባዋ ላይ አሠረችውና በትር እየተመረኮዘች መሻገር ጀመረች። ከመካከል ላይ ስትደርስ ዋልካው አዳለጣትና በጀርባዋ ወደቀች። ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበርና እርሷ ምንም አልሆነችም። ታብሌቱ ግን ከሥሯ ሆኖ ከበትሩ ጋር ስለ ተጋጨ መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ፌስታሉም ተቀዶ ውሃ ገባበት።

እቤት በደረሰች ጊዜ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ምክሩን ሰጠ። «ሩዝ ውስጥ ቅበሪው፤ ሩዝ ውሃ ይመጥጣል» ያላት ብዙ ነው። በፎገራ ደግሞ ሌላ ነገር ቢጠፋ ሩዝ አይጠፋም። ስለዚህ ታብሌቱ ያልተፈተገ ሩዝ በሞላበት ጆንያ ውስጥ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተቀበረ።

ይህ ምክር በፎገራ ብቻ ሳይሆን በብዙ አገሮች የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሩዝ በመሣሪያ ውስጥ የገባውን እርጥበት ነፋሻ ቦታ ላይ ከማስቀመጥ በተሻለ ሁኔታ አያወጣም። ከዚህም በላይ ብናኙ በመሣሪያው ቀዳዳዎች እየገባ ሌላ ጉዳት ያስከትላል። አፕል የተባለው ታላቅ የስልክ አምራች ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ደንበኞቹ የረጠበ ስልክ በሩዝ ውስጥ እንዳያኖሩ መክሯል። ውሃ የገባበት መሣሪያ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት፤ ቻርጀር ሊሰካበት አይገባም። ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ የመሰኪያውን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ማስቀመጥና በቶሎ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ውሃው ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ውሃና ኤሌክትሪክ ተገናኝተው በቀጫጭኖቹ ብረቶች ላይ የሚያመጡት ዝገት ይከፋልና ነው።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ታብሌቱን ሰብሬዋለሁ» አለችኝ። አልሸሸገችም፤ በሌላም ሰው አላመካኘችም። ከእኔ አፍ መጀመሪያ የወጣው ቃል ግን «ቅጂዎቹስ?» የሚል ነበር። «አንቺስ ደኅና ነሽ ወይ?» ማለት ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ወደ መንደራቸው ሄድሁ። ወንድሜ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጠፍር ያለፋ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ታብሌቱን አገላብጬ እያየሁ «ይህስ አለቀለት፤ አዲስ መግዛት ሊኖርብኝ ነው» ብዬ በምሬት ተናገርሁ።

«ምኑ ነው የተሰበረው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ታብሌቱ ነዋ!» አልሁት።

«እሱንማ ሰማሁ። ምኑ ነው የተሰበረው ነው የምልህ» አለና ከጎተራው አጠገብ ተደግፎ ወደ ቆመው የእርሻ ዕቃው አመለከተኝ። «የኔ ዕቃ ሲሰበር እንዲያው ተሰበረ ብዬ ዝም እላለሁ? ወይ እርፉ ነው፤ ወይ ሞፈሩ ነው፤ ወይ ድግሩ ነው፤ ወይ ወገሉ ነው። ሞፈር ከሆነ እንጨት እቆርጣለሁ። ምራን ከሆነ ጠፍር እለውጣለሁ። ማረሻው ከዶለዶመ ባለ እጁ ያሾልልኛል። አንዱ በተሰበረ ሁሉንም ጥዬ ገበያ ብወጣ፣ ሰው አብዷል አይለኝም?»

ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። ወንድሜ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ሆኖም የሚሠራበትን ዕቃ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ይጠራዋል፤ የየአንዳንዱን ሥራ፣ ጉዳትና መድኃኒት ያውቃል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ ይዤው ስሠራበት የኖርሁትን መሣሪያ ከ«ታብሌት» ከሚለው ስም በቀር የአንድም ክፍሉን ስም አላውቅም ነበር። የሙሉውን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ነገር ሲጎድል ሙሉውን እንደ ተበላሸ ይቆጥራል። መጣልም የሚቀናው ለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ከዓመታት በፊት ያየሁት ነገር ታወሰኝ። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር በየክፍሉ «ፕላዝማ» ብለን የምንጠራው ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለ። በማስተምርበት አንድ ትምህርት ቤት ከእነዚህ ቴሌቪዥኖች አንዱ ሥራ አቆመ። «ፕላዝማው ተበላሽቷል» የሚል ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልስ እስኪመጣም በጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ዓመት ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው የተቃጠለው ኃይል በሚሰጠው ክፍል ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች። እርሷን ለውጦ ቴሌቪዥኑን በግማሽ ቀን አስነሣው። ደብዳቤው ሐሰት አልተናገረም፤ ፕላዝማው በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። ነገር ግን የትኛው ክፍል እንደ ተበላሸ ስላልተናገረ ማንንም ወደ ሥራ አላነሣሣም። በዚህ መካከል ቴሌቪዥኑ የተተከለላቸው ተማሪዎች ከዚያ ክፍል አልፈው ሄደው ነበር።

እንግዲህ የወንድሜን ጥያቄ ይዤ ከልጅቱ ጋር ወደ ወረታ ወጣሁና ወደ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ገባን። ባለሙያው ወጣት ነው። ታብሌቱን በጥቂቱ አሙቆ ማጣበቂያውን ካላላ በኋላ በቀጭን ፕላስቲክ ፈልቅቆ ከፈተውና «መምህር፣ ምኑ እንደ ተጎዳ ላሳይዎት» አለኝ። ከላይ ያለው ጣት የሚነካውን የሚለይ መስታወት ነው፤ እርሱ ተሰንጥቋል። ከሥሩ ሥዕሉንና ጽሑፉን የሚያሳየው ስክሪን አለ፤ እርሱም ውሃ ገብቶበት ጠቁሯል። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ በውስጡም የሩዝ ገለባ ተሰንቅሮ ተገኘ። ልጅቱ ገለባውን ባየች ጊዜ አቀረቀረች። ባትሪው አላበጠም፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ስላገለገለ ጉልበቱ ቀንሷል። መሣሪያው የሚያስብበትና ሁሉን የሚያዝዝበት ቦርድ ግን ደኅና ነው። ለዚህም ምልክቱ፣ ቀዳዳው ተጠርጎ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስክሪኑ ጨለማ እንደ ሆነ የመነሻውን ድምፅ ማሰማቱ ነው።

«ቅጂዎቹስ የት ናቸው?» አልሁት።

«ቦርዱ ላይ ናቸው፤ አልጠፉም። ነገር ግን በራሱ በታብሌቱ ቁልፍ የተዘጉ ስለሆኑ ነቅለን በሌላ መሣሪያ ልናነባቸው አንችልም። እንዲከፈቱ ከተፈለገ ይኸው ታብሌት ለአንድ ቀንም ቢሆን መሥራት አለበት» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የዋጋው ጥያቄ ተራው ደረሰ። አዲስ ስክሪን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት 8,500 ብር፣ ለሥራው 1,500 ብር፣ በድምሩ 10,000 ብር ተጠየቅሁ። ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ የአዲስ ታብሌት ዋጋ ስጠይቅ ከእኔው ጋር የሚመሳሰለው 22,000 ብር ሆኖ አገኘሁት። ነጋዴውም ምክንያቱን ሲያስረዳ «ዶላሩ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። በእርግጥም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀደም ሲል በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሎ ተወደደ።

አሁን ሂሳቡን እንመልከት። አዲሱ ታብሌት አምስት ዓመት ያገለግላል ብለን ብንገምት፣ 22,000 ብር ለአምስት ሲካፈል በዓመት 4,400 ብር ይደርሳል። አሮጌው ግን በአዲስ ስክሪን ቢጠገን፣ ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ከሁለት ዓመት በላይ ተስፋ አይደረግበትም። 10,000 ብር ለሁለት ሲካፈል በዓመት 5,000 ብር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲታይ ርካሽ የሚመስለው ጥገና በዓመት ሲሰላ ከአዲሱ ይበልጥ ይወደዳል። አንድ ዋጋ ከሌላው ማነሱ ብቻ ውሳኔ ለመስጠት እንደማይበቃ ከዚህ ለመረዳት ይቻላል። «ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ለስንት ጊዜ?» የሚል ጥያቄ መከተል አለበት።

በበኩሌ ማስጠገን ሁልጊዜ ብልኅነት ነው ብዬ አልከራከርም። ከዚህ ቀደም አንድ ስልክ ነበረኝ። መጀመሪያ መስታወቱን፣ ቀጥሎ ባትሪውን፣ በመጨረሻም መሰኪያውን አስጠገንሁት። በየጊዜው የምከፍለው ከአዲስ ስልክ ዋጋ ያነሰ ስለነበር ሁልጊዜ የተጠቀምሁ ይመስለኝ ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ ግን አዲስ ይገዙ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ ሶፍትዌሩ ያረጀ ስለነበር የምፈልጋቸው መተግበሪያዎች አልቀበል አሉት። አካሉ ተጠግኖ ሳለ ዘመኑ አልፎበት ነበር። ማረሻም በየጊዜው እየተሳለ ያገለግላል፤ ነገር ግን አጥሮ አጥሮ መሬት መያዝ ያቃተውን ማረሻ ባለ እጅ ቢያሾለው ለገበሬው ምንም አይረባውም። ያን ጊዜ ብረቱ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ለእርሻው ደግሞ ሌላ ማረሻ ይፈለጋል።

በዚህ ሁኔታ ሳወጣና ሳወርድ ሦስት ቀን አለፈ። ለመግዛት በእጄ የነበረው ገንዘብ አይበቃም፤ መበደር ሊኖርብኝ ነው። ብጠግነው በሂሳቡ መሠረት እከስራለሁ። አንድ ማታ ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ በስልክ ሳጫውታት ቆይቼ «የኔን ቅጂዎች ብቻ ባገኛቸው ሌላው ባይሆንም ግድ የለኝም ነበር» አልኋት። ዝም አለች። ጥቂት ቆይታም «ጋሼ፣ የእኔም ድርሰቶች እዚያው ውስጥ ናቸው» አለችኝ።

«የምን ድርሰቶች?»

«‹እየጻፍሽ ተለማመጂበት› ብለውኝ አልነበር? አሥራ አራት ጽፌያለሁ። መስከረም ላይ ላሳይዎት ነበር።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። ጻፊ ብዬ ያዘዝኋት እኔ ነኝ፤ ይሁን እንጂ ጽፋ እንደ ሆነ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መሣሪያው ከተሰበረ ጀምሮ ስለ ራሴ ሥራ መጥፋት ብቻ ስናገር፣ እርሷ የሁለት ወር ድካሟን ይዛ ዝም ብላለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዳዩ በዓመት ስንት ብር ይወጣል የሚል ብቻ አልሆነም። ታብሌቱ አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ታብሌትን ገበያ ይለውጠዋል፤ የሟቹን ሽማግሌ ድምፅና የአንዲት ተማሪ የክረምት ሥራ ግን የሚሸጥ ገበያ የለም።

በማግሥቱ ለወረታው ባለሙያ ደወልሁና «አዲስ ስክሪን ባይሆንስ? ቦርዱ የተቃጠለ፣ ስክሪኑ ግን ደኅና የሆነ ተመሳሳይ ታብሌት አይገኝም?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የቻልሁት የክፍሎቹን ስምና ሥራ ካወቅሁ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ባለሙያው ከሥራ ጓደኞቹ ዘንድ አፈላልጎ ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘ። ያገለገለው ስክሪን 4,000 ብር፣ የእጅ ዋጋው 1,200 ብር፣ በጠቅላላው 5,200 ብር ሆነ። ይህ ለሁለት ዓመት ሲካፈል በዓመት 2,600 ብር ነው። እንግዲህ ልብም ሂሳብም በአንድ መንገድ ተስማሙ፤ ታብሌቱ እንዲጠገን ወሰንሁ።

መስከረም 2017 ዓ.ም. ከመግባቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ታብሌቱ በራ። ከሁሉ በፊት ያደረግሁት ቅጂዎቹንና ድርሰቶቹን በሁለት ፍላሽ መገልበጥ ነው፤ አንዱን ባሕር ዳር፣ ሌላውን ወንድሜ ቤት አስቀመጥሁ። ጥገናው ፍጹም ነው ብዬ አላታልላችሁም። በስክሪኑ ዳር አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። ባትሪው ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ክፈፉም አንድ ጊዜ የተከፈተ ስለሆነ እንደ ቀድሞው ውሃ አይከላከልም። ልጅቱ ግን ትሠራበታለች፤ ውሃ በሚሞላበት ወራት ወደ ከተማ ይዛው እንዳትሄድ ወንድሜ በትንሽ የፀሐይ ኃይል መሙያ ቻርጅ ያደርግላታል።

አሥራ አራቱን ድርሰቶች አብረን አነበብናቸው። በአንደኛው ውስጥ «ወንድሜና እኔ ወደ ማሳው ሄደ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘንና ልጅቱ ሙሉ መስመሩን ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። «ቆይ! ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኋት። አሰብ አድርጋ «ማሰሪያ አንቀጹ» አለች። «ሄደ» የሚለውን «ሄድን» ብላ አስተካከለችው፤ ዓረፍተ ነገሩም ዳነ። ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ማሰሪያ አንቀጹን ለይቶ የማያውቅ ተማሪ የተሳሳተበትን መስመር ሁሉ ይሰርዛል፤ የሚያውቅ ግን አንዲት ፊደል ለውጦ ያቃናዋል። ለሃያ ዓመት ያህል ሰዋስው ሳስተምር «ይህ ሁሉ ስም ምን ያደርግልናል?» ለሚሉኝ ተማሪዎች የሰጠሁት መልስ ሁሉ የወንድሜን ያህል አጥጋቢ አልነበረም።

ከቤታችን አልፈን ስንመለከትም ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የሚያህል የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቆሻሻ ሆኖ ተጥሏል፤ ከዚህም ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 ከመቶው ብቻ ነው። በየመንደሩ የሚጣለው አሮጌ ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲቀጠቀጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስም መርዙን ይለቃል። የፎገራን ሜዳ የሚያጥበው ጎርፍ የሚገባው ደግሞ ጣና ሐይቅ ነው። ይህን ችግር ለመቀነስ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በአገሮቹ ገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮችና ታብሌቶች አምራቾች፣ የአንዱ ዓይነት ሽያጭ ካቆመ በኋላ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ መለዋወጫውን እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል። አንድ ዕቃ የሚጠገነው ጠጋኝ ስላለ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ ክፍሉም መገኘት አለበት።

ከእኔ ታብሌት የወጣው የተሰነጠቀ መስታወትና የጠቆረ ስክሪን በጥገና ቤቱ ቀርቷል። ስክሪኑን የሰጠን የሌላው ታብሌት አካልም እዚያው ነው፤ መሰኪያው ወይም ድምፅ ማጉያው አንድ ቀን ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል። ነገ የእኔው ቦርድ ቢቃጠል ሳልጨነቅ አዲስ እገዛለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ መሣሪያ ነፍሱ ቦርዱ መሆኑን አሁን አውቄያለሁ፤ በውስጡ ያለውም በሁለት ቦታ ተቀምጧል። ያን ጊዜም ቢሆን ስክሪኑ ደኅና ከሆነ አልጥለውም።

እናንተም አንድ ዕቃ ሲሰበርባችሁ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «ምኑ ነው የተሰበረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም ክፍሉ ይገኝ እንደ ሆነ፣ ከተጠገነ በኋላ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ በውስጡም ምን እንዳለ መርምሩ። የእኔ መልስ ማስጠገን ሆነ፤ የእናንተ መልስ መለወጥ ሊሆን ይችላል። መልሱ እንደ ዕቃውና እንደ ጊዜው ይለያያል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አይለወጥም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. ልጅቱ ታብሌቱን ወደ ወረታ ይዛ ትሄድ የነበረው ለምንድን ነው?
2. ታብሌቱን በሩዝ ውስጥ መቅበር ትክክል ያልሆነበትን ምክንያት ግለጹ።
3. ስለ ፕላዝማው የተጻፈው ደብዳቤ ሐሰት ሳይናገር ጥቅም ያልሰጠው ለምንድን ነው?
4. ጸሐፊው «አፈርሁ» ያለው በምን ምክንያት ነው?

ለ. እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን የተባሉትን ቃላት ትርጉም በአካባቢያችሁ ካሉ ገበሬዎች ወይም ከመዝገበ ቃላት አጣርታችሁ፣ እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ሐ. በቤታችሁ ተሰብሮ የተጠገነ ወይም የተለወጠ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ የተበላሸው ክፍል የትኛው እንደ ነበረና ውሳኔው በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።